ቅባት ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ለሶሪያሲስ ይሆናል ወይ? (ከነ33 ምላሹ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በጥቅምት የከፈትኩት የውይይት ክር ከገመትኩት በላይ ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ምላሾች አንብቦ ይወጣና ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል። ትናንት አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ስትጽፍልኝ፣ እናቴ የሠራችውን ስህተት ልትደግመው እንደሆነ አየሁና ደነገጥኩ። ስለዚህ የጠየቅኩትንና የተመለሰልኝን በየቁጥሩ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። በንዴት የጻፉትን በኋላ ያጠፉም አሉ፤ የጠፋውን እኔ መልሼ አላወጣውም።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው፤ ሶሪያሲስ ከጀመረው 8 ዓመት አልፎታል። ክርኑና ጉልበቱ ላይ እንደ ሳንቲም ሆኖ የጀመረው አሁን መዳፍ ያክላል። ላዩ ነጭ ቅርፊት ነው፣ ሲፋቅ ይደማል። የራስ ቆዳው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ፎሮፎር ይለዋል። ክረምት ይብስበታል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ጋብ ይልለታል። ከፋርማሲ የሚገዛቸው ቅባቶች እስከቀባ ድረስ ያጠፉለታል፣ ሲያቆም ብሶ ይመለሳል። ሰሞኑን ደግሞ በስልክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው በብርሃን የሚሠራ ቅባት አመጣሁ አለ። ይቀቡታል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ አለቀ። ዋጋው የወንድሜን ደመወዝ ሩብ ይበላል። እናታችን ይህን ስትሰማ ሳቀች። እናቷ ለምጽ ላለበት ሰው ጤና አዳም ጨምቀው ቀብተው ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጡ በልጅነቷ ማየቷን ነገረችን፤ ለእሷ የሰውየው ብልቃጥ የእኛው ጓሮ ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው አዲስ። እኔም ጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ሕክምና በእውነት አለ? ካለስ የአዲስ አበባ ፀሐይ በሐኪም ቤት ያለውን የብርሃን ማሽን ይተካል? የጤና አዳሙ ነገርስ?

1ኛው ምላሽ ከሐዋሳ ነው የመጣው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ የወንድሜን ደኅንነት ጠይቆ፣ እሱ ራሱ ከዚህ በሽታ ጋር 20 ዓመት መኖሩን ነገረኝ። ስለ ቅባቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። የጻፈው ስለ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ራሱ ላይ ያለውን ቅርፊት አይቶ መቀሱን አስቀምጦ ወደ ቤት እንደመለሰው፣ ከዚያ ወዲህ ሚስቱ እንደምትቆርጥለት ተረከ። ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ ሲያጣድፈው የሚመጣ ነው፤ በወር ገደማ መታደስ የነበረበት የቆዳ ሕዋስ በጥቂት ቀናት እየተገፋ ይወጣና ይከመራል። ይህን ለፀጉር አስተካካዩ ለማስረዳት መሞከሩንና እንዳልተሳካለት ነው የጨረሰው።

2ኛዋ በቆዳ ክፍል የሠራች ነርስ ናት። ክሩን ያቆመችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ሕክምናው በእውነት እንዳለና አዲስም እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሶራሌን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ለብቻው ቢቀቡት ምንም አያደርግም። ዩቪኤ የሚባለው የአልትራቫዮሌት (በዓይን የማይታይ ብርሃን) ዓይነትም በዚያ መጠን ለብቻው ብዙ አይሠራም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሶራሌኑ በሕዋሱ ዲኤንኤ ሁለት ክሮች መካከል ገብቶ ያያይዛቸዋል፣ ሕዋሱም በዚያ ፍጥነት መባዛቱን ያቆማል። ፑቫ ይሉታል። በክኒን ይሰጣል፣ በሶራሌን ውኃ ገላን በመንከር ይሰጣል፣ ለእጅና ለእግር መዳፍ ደግሞ በቅባት። ቀጥላ የጻፈችውን ያኔ በቅጡ ያነበብኩት አይመስለኝም። መድኃኒቱ ብርሃኑ ነው፤ ቅባቱ በር ከፋች ብቻ ነው። በማሽን ሲሆን ብርሃኑ በቁጥር ይለካል፣ ከትንሽ ተጀምሮ በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። ፀሐይን ግን ማን ለክቶ ይሰጣል? ያ ቃጠሎ ደግሞ እንደ ተራ የፀሐይ ቃጠሎ በማግሥቱ አይጨርስም፤ ዘግይቶ ይጀምርና በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነው የሚብሰው። ሰው በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆንኩም ብሎ በሁለተኛው ይደግማል፣ ጉዳቱ የሚመጣው ያኔ ነው።

3ኛው ተሳስቶ ገባ። የወንድሜን በሽታ ለምጽ አድርጎ ወሰደውና ስለ ጠበል ሰፊ ምክር ጻፈ። 4ኛው አረመው፣ ግን በቁጣ፦ ለምጽ ቀለም የሚጠፋበት ነው፣ ሶሪያሲስ ቅርፊት የሚከመርበት፣ ችፌ ሌላ፣ ጭርት ሌላ። ሰው ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ ስለሚከት ነው ወንድሟ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር 8 ዓመት ያለፈው፣ ባይ ነው። ይህ እውነት አለው፤ ወንድሜ በመጀመሪያው ዓመት የጭርት መድኃኒት ሲቀባ ነበር። 3ኛው ተመልሶ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለምጽ ተብሎ የተጻፈው ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመም ሊሆን እንደሚችል አንስቶ ተከራከረ። መጥፎ ክርክር አልነበረም፣ ለጥያቄዬ ግን አልረዳኝም።

5ኛው ፋርማሲስት ነው፤ ታሪክ ይወዳል። የእናቴን ሳቅ ያከበረላት እሱ ብቻ ነው። ግብፅ ውስጥ በአባይ ዳር የሚበቅል አሚ ማዩስ የሚባል ተክል አለ፣ ከእንስላልና ከድንብላል ወገን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ኢብን አልባይጣር ለምጽ ላለበት ሰው ይህን ተክል ሰጥቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥን ጽፎታል። በ1940ዎቹ ካይሮ ውስጥ ንጥረ ነገሩ ከተክሉ ወጣ፤ አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ የተባሉት የቆዳ ሐኪምም ለለምጽ ሞከሩት። በ1974 ደግሞ ቦስተን ውስጥ እነ ፓሪሽና ፊትዝፓትሪክ ያንኑ ንጥረ ነገር ጠንካራ የዩቪኤ መብራት ካለው ሳጥን ጋር አገናኝተው ለሶሪያሲስ መሥራቱን አሳተሙ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1925 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ጎከርማን የተባለው ሐኪም የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ቀብቶ ብርሃን ያሳይ ነበር። ሬንጁ ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ግን ይሠራል። ጤና አዳምም፣ አለ ፋርማሲስቱ፣ እነዚያኑ ሶራሌኖች በቅጠሉ ይዟል። እናቴ አልተሳሳተችም ማለት ነው። ይህን አረፍተ ነገር ለእሷ ማንበቤ የኔ ጥፋት ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

6ኛው ትዕግሥት የለውም። ልጅቷ ልግዛ ወይስ አልግዛ ብላ ነው የጠየቀችው፣ ስለ ካይሮ ማን ጠየቀ ዓይነት ምላሽ። ከዚያ ግን ከሁሉም የሚጠቅም ጥያቄ ጠየቀኝ፦ ብልቃጡ ላይ ምን ተጽፏል?

7ኛው የኔ ነው። ሻጩን ፎቶ ላክልኝ አልኩትና አየሁት። የፀሐይ ሥዕል አለበት፣ የአንዲት ፈገግ ያለች ሴት ሥዕል አለበት። የንጥረ ነገሩ ስም የለም፣ በመቶኛ ስንት እንደሆነ የለም፣ የሚያበቃበት ቀን ተፍቋል።

8ኛው ምላሽ የሻጩ የራሱ ወይም የወዳጁ ይመስለኛል። ስንት ሰው እንደዳነ፣ ከተፈጥሮ የተሠራ ነገር ጉዳት እንደሌለው፣ ሐኪሞች ገበያቸው እንዳይቀንስ እንደሚያስፈራሩ ጻፈ። ከ9 እስከ 12 ያሉት ወረዱበት። አንዱ እሬትም ኮሶም ከተፈጥሮ መሆናቸውን አስታወሰው። 10ኛዋ በቁም ነገር ጻፈች። እንዲህ ያሉ ስም የለሽ ብልቃጦች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፣ ፊት ለማቅላት እንደሚሸጡት እንደ ክሎቤታሶል ያለ። ለዚያ ነው በሳምንት ውስጥ ቆዳው የሚለሰልሰው፣ ለዚያም ነው ሲቆም ብሶ የሚመለሰው። ሰፊ ገላ ላይ ለወራት ተቀብቶ በድንገት ከቆመ ሶሪያሲሱ መግል ወደ ቋጠረ ዓይነት ሊቀየር እንደሚችልም ጨመረች። 11ኛውና 12ኛው ስድብ ነበር፤ ሁለቱም ጠፍተዋል፣ 8ኛውም ከዚያ ወዲያ አልታየም።

13ኛው ከሜሪላንድ ነው። እኛ ሁላችን ስለ ቅባት ስንጨቃጨቅ እሱ ያለ ቅባት ነው የሚታከመው። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚመረጠው ጠባብ ዩቪቢ የሚባለው፣ 311 ናኖሜትር ገደማ ያለው ብርሃን ብቻውን ነው፤ ሶራሌን አያስፈልገውም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ ለሁለት ለሦስት ወር። ሐኪሙ ፈቅዶለት ሳጥኑን ቤቱ አስገብቷል። በ2024 እዚያው አሜሪካ የወጣ፣ 783 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቤት ውስጥ የሚሰጠው ከክሊኒኩ እንደማያንስ ማሳየቱንም ጠቀሰ። ፑቫ የቀረው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው በሐቅ መለሰልኝ። ከ1975 ጀምሮ 1,380 ታካሚዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ ብዙ ጊዜ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር እየበዛ መጥቷል። ክትትሉ በአብዛኛው ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ላይ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ብሎ ማንንም አላጽናናም። በብርሃን ስለሚሠሩ አዳዲስ ቅባቶችም ትንሽ ነገረን። በሚታይ ብርሃን የሚነቃ ሃይፐሪሲን የሚባል ቅባት ለሶሪያሲስ እየተሞከረ ነው፣ ገበያ ላይ ግን አልወጣም። አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ የሚባለው ደግሞ በፀሐይ ለተጎዳ ቆዳ የተፈቀደ ነው፤ ሶሪያሲስ ላይ ሲሞከር ሕመሙ በዝቶ ጥቅሙ አነሰ።

14ኛዋ ከእስራኤል ናት፣ ከቤርሼባ። ይህን ምላሽ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። አባቷ ለሶሪያሲሱ ሙት ባሕር ወርዶ፣ ዓይን ቦቄቅ የሚባለው ቦታ አራት ሳምንት ቆይቶ ቆዳው ጠርቶ ነው የተመለሰው። ቅባት የለም፣ ማሽን የለም፣ ጨዋማ ውኃና ፀሐይ ብቻ። ታዲያ የኛ ፀሐይ ምን ጎደላት ብዬ ልጽፍ ስል ራሷ መለሰችው። ሙት ባሕር ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው። ከላዩ ያለው ተጨማሪ አየርና ጉም መሰል ተን የሚያቃጥለውን ዩቪቢ ከዩቪኤው ይልቅ አጥልሎ ያስቀረዋል፤ ለዚህ ነው ሰው ሳይቃጠል ረጅም ሰዓት መተኛት የሚችለው። ያም ሆኖ እዚያ ያሉት ሐኪሞች በመጀመሪያው ቀን ደቂቃ ቆጥረው ነው ያስወጡት።

15ኛው ቀልደኛ ነው፦ እኛ ለፀሐይ ቅርብ ነንና እንዲያውም ቶሎ እንድናለን የሚል። 16ኛው ቀልዱን ወደ ፊዚክስ ቀየረው። ጉዳዩ ቅርበት ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በአልትራቫዮሌት መለኪያ (ዩቪ ኢንዴክስ) 11ና ከዚያ በላይ ያለውን እጅግ ከፍተኛ ይለዋል፤ እዚህ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይህን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ለንደን ያለ ሰው ፀሐይ ሙቅ ሲባልና ጉለሌ ያለ ሰው ፀሐይ ሙቅ ሲባል የተባለው አንድ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ። 17ኛው ሶሪያሲስ በ«ፕ» ይጀምር አይጀምር ብሎ ሙግት ከፈተ። 18ኛው የግሪኩ ቃል ፊደሉ እንዳለው፣ ነገር ግን የሚናገረው ሰው እንደሌለ መለሰ። የኔ እናት ሱሪያ ትለዋለች፤ ስለዚህ አልገባሁበትም። 19ኛዋ የጥፍር ቤት አላት። ጄል የሚደርቅበት መብራትም ዩቪ ስለሆነ ወንድሜ ክርኑን በነጻ እንዲያስገባ ጋበዘችኝ። ደግ ሰው ናት፣ አልስቅባትም። 20ኛው የባሰ ነበረ፤ በኮሮና ጊዜ ቢሮ ለማጽዳት የገዛው ሐምራዊ መብራት እንዳለው ጻፈ። ነርሷ በሁለት መስመር ዘጋችው። ያ ዩቪሲ ነው፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ አይበራም። የጥፍሩም መብራት ሞገዱም መጠኑም ለዚህ የተሠራ አይደለም።

21ኛው የኔ ነው፣ የጻፍኩትም እያለቀስኩ ነው። እናቴ ፋርማሲስቱ ጤና አዳም ሶራሌን አለው ማለቱን ከሰማች በኋላ እኔን አልጠበቀችም። ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮ ቀጥፋ፣ ወቅጣ፣ ከሎሚ ጋር አድርጋ በግራ ጉልበቱ ላይ ቀባችው። ሎሚ የጨመረችው እንዲጠራ ብላ ነው። ወንድሜም በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጋዜጣ እያነበበ ተቀመጠ። ማታ ምንም የለም። እሑድ ምንም የለም፣ ትንሽ ያቃጥለኛል አለ። እሑድም ሊደግሙት ነበር፤ ደመና ስለነበረ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ጉልበቱ ቀልቶ አብጦ ነበር፣ ሰኞ ማታ ውኃ ቋጠረ። ማክሰኞ ጠዋት ሱሪ ማድረግ አልቻለም። የሚገርመው ጭማቂው በቁርጭምጭሚቱ በኩል የወረደበት ቦታ ሁሉ በመስመር በመስመር ተቃጥሏል፤ የቀባችው ቦታ ብቻ አይደለም፣ የፈሰሰበትም ጭምር፣ ካርታ ይመስላል።

22ኛዋ ነርሷ ናት። የመጀመሪያ መስመሯ ሻካራ ነበር። 2ኛው ላይ ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ፀሐይ እንደማትለካ ጽፋ ሳለ አለማንበባችን አናዷታል፤ መናደድ ይገባታል። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ውኃ የቋጠረውን አለማፍረጥ፣ በንጹሕ ነገር መሸፈን፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ። ፀሐይ ፈጽሞ እንዳይነካው። በመስኮት አጠገብ መቀመጥም ይቅር፤ መስተዋት ዩቪቢን ይከለክላል እንጂ ዩቪኤን ያሳልፋል፣ ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን ጉልበቱ ይሸፈን። ሎሚ ደግሞ ሶራሌን እንዳለው ነገረችን። እናቴ ለማጥራት ብላ የጨመረችው እሳቱን ነው ያባሰው።

23ኛው ሐኪም ናቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፉት። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው ሲጎዳ፣ ሲቧጨር ወይም ሲቃጠል፣ በሽታው በዚያው ጉዳት መስመር ላይ አዲስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በአንድና በሦስት ሳምንት መካከል። ስለዚህ ቃጠሎው ሲድን ነገሩ አለቀ እንዳንል፣ ቁርጭምጭሚቱን እንድንከታተል ነገሩን። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

24ኛዋ አንዲት እናት ናቸው፣ ከደብረ ብርሃን። ጤና አዳም ተሰደበ ብለው ተቀየሙ። ስሙ ራሱ የአዳም ጤና ነው፤ ለሕፃን ሆድ ቁርጠት፣ ለብርድ፣ ለምች ስንት ትውልድ ተጠቅሞበታል፣ ማንም ሲቃጠል አላዩም። እናቴን ደግፈው ስለጻፉ እሷ እጅግ ወደደቻቸው፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ ትልክላቸዋለች። 25ኛው ፋርማሲስቱ ነው፤ ዘወር ብሎ በትሕትና መለሰላቸው። ማሽተትና መቅመስ ሌላ ነው፣ የተወቀጠ ጭማቂ እርጥብ ቆዳ ላይ ቀብቶ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ መቀመጥ ሌላ። እሳቸው ሲቃጠል ያላዩት ሰው ቀብቶ ወደ ቤት ስለሚገባ ይሆናል። ለኔም ይቅርታ ጠየቀ። አለው ማለት ይቀባ ማለት እንዳልሆነ ያኔውኑ መጻፍ ነበረበት። 26ኛው ቡና ላይ የምንነክረውስ ብሎ ጠየቀ፣ 27ኛው አንድ ዘለላ ስኒ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ከዚህ ጋር እንደማይገናኝ፣ ቡናውን ተረጋግቶ እንዲጠጣ መለሰለት። ከዚያ አሥር መስመር ያህል ስለ ቡና ብቻ ተጻፈ፤ ዘለልኩት።

28ኛዋ ዱባይ ቤተሰብ ጋር ትሠራለች። የኛን ቁርጭምጭሚት ፎቶ ስታይ የራሷን እጅ ያየች ነው የመሰላት። በበጋ ለእንግዶች መጠጥ ሎሚ ስትጨምቅ ውላ፣ ከዚያ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ በሁለተኛው ቀን እጇ ላይ ጣት የመሰሉ ጥቁር መስመሮች ወጡባት። እመቤቲቱ ማን መታሽ ብላ ደነገጠች። ልጅቷም መልስ አልነበራትም፤ ያ ቀለም ወራት ፈጅቶ ነው የጠፋው፣ ምክንያቱን ያወቀችውም እዚህ ክር ላይ ነው።

29ኛው ሜቶትሬክሴት ይወስዳል፤ ለሱ ብርሃን ምንም አልፈየደለትም፣ ክኒኑ ነው ያዳነው። ጥሩ። ግን በችኮላ የጻፈው አጻጻፍ በየቀኑ የሚወሰድ ያስመስለዋል። ነርሷ ደርሳ አረመችው። ለሶሪያሲስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በየቀኑ መውሰድ ሰው ይገድላል፤ ፎሊክ አሲድና የደም ምርመራም አብሮት አለ። እሱም ወዲያው አስተካከለ።

30ኛው ምላሽ ጥያቄ የሚመስል ወቀሳ ነው። መጠን የሚለካው ቆዳው እስኪቀላ እየታየ ከሆነ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላት እንዴት ይታያል? ሐኪሙ አልተመለሱም፣ ነርሷ ግን ጥያቄውን ወደደችው። በደንብ ስለማይታይ ነው ዓይን ብቻ የማይበቃው። ይሞቃል ወይ፣ ሲነካ ያማል ወይ፣ ያሳክካል ወይ ተብሎ በየቀጠሮው ይጠየቃል፣ በእጅም ይዳሰሳል። ታካሚው የተሰማውን ካልደበቀ ነው የሚሠራው፤ ቶሎ ልዳን ብሎ ምንም አልተሰማኝም የሚል ሰው ራሱን ያቃጥላል።

31ኛው እንደገና እሷው ናት፤ ወንድሜ ሪፈር አግኝቶ የቆዳ ክፍል ቀጠሮ እንደተያዘለት ነግሬያት ነበር። ከሁሉም በላይ ለተግባር የጠቀመን ይህ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ብርሃን አያስገባም፤ ስስ ቫዝሊን ቀደም ብሎ ቢቀባ ይረዳል፣ ቫዝሊኑ ከወፈረ ግን ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ቅባት ዩቪቢን ይከለክላል፣ ከብርሃን በፊት አይቀባም። ካልሲፖትሪዮል የሚባለውን ደግሞ ብርሃን ያበላሸዋል፣ ከብርሃን በኋላ ነው የሚቀባው። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ በተለይ ዶክሲሳይክሊን፣ ለሐኪሙ ይናገር፤ እሱም ቆዳ በብርሃን ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ወንድሜ ይህን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ ከቷል፣ እናቴም አንድ ቅጂ ይዛለች።

32ኛው ላይ ወንድሜ ራሱ ጻፈ፤ እስከዚያ ድረስ በሌላ ሰው አፍ ሲወራለት ነው የቆየው። ቃጠሎው ድኗል፣ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ጠባሳ መሳይ ቀርቷል። ሐኪሙ እንዳሉትም በሦስተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጭማቂው በፈሰሰበት መስመር አዲስ ቅርፊት ወጥቷል፣ ቀጭን፣ እንደ ክር። ቀጠሮው ደርሶ ጠባብ ዩቪቢ ጀምሯል። ጥቁር መነጽር አድርገውለት፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ፣ መብራቱ በራና እሱ ገና መተንፈስ ሳይጀምር ጠፋ። ማሽኑ ተበላሽቶ ወይም መብራት ሄዶ መስሎት በሩን ሲያንኳኳ የዚያ ክፍል ነርስ ስቃበታለች፤ የመጀመሪያው ቀን መጠን ያው ነው፣ አንድ ደቂቃም አይሞላም። በረንዳ ላይ ጋዜጣ ይዞ የተቀመጠውን ሁለት ሰዓት አስቦ ዝም ብሎ ልብሱን ለበሰ።

33ኛው ከሐዋሳው ሰው ነው። ለዚያች አንድ ደቂቃ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት እስከ ሆስፒታል ትራንስፖርቱ ስንት እንደሚፈጅበት ጠይቋል። ወንድሜ ደርሶ መልስ አራት ሚኒባስ መሆኑን መልሷል፤ የሚያውቅ አጭር መንገድ ካለ ከሥር ይጻፍለት፣ ከአስኮ ነው የሚነሳው።